የክር ሂሳብ

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ የክሩ መጋዘን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስቆጥር፣ ስመዝን፣
አንዲት ጥቅል ጎድላ መዝገቤ ሳያዝን፣
ጡረታ ወጣሁኝ።
ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ፤
ስኳር ግን ከበሩ ቆሞ ጠበቀኝ፣
እንደ አበዳሪ ሰው በስሜ ጠራኝ።

ደብተር ገዛሁለት፣ ባለ ቀይ ህዳግ፣
ለሁለት ከፈልኩት፣ እንደ ድር እንደ ማግ፤
በግራ የበላሁት፣ በቀኝ ደሜ የሚለው።
ቁጥር የድሮ ወዳጅ፣
ዋሽቶኝም፣ ዋሽቼውም የማላውቀው።

ማክሰኞ። ባዶ ሆድ። መቶ አርባ ሁለት።
አንድ የማሽላ እንጀራ፣ ምስር በጭልፋ ሁለት፤
ከሁለት ሰዓት በኋላ
ሁለት መቶ አስራ ስድስት።
ረቡዕ። ያው ምስር፣ እንጀራው ተገምሶ፣
ከዚያም እስከ ቦርከና ድልድይ፣ በእግር ደርሶ ተመልሶ፤
መቶ ስልሳ ሦስት!
ብቻዬን ሳቅሁኝ፣ ደመወዝ እንደተጨመረለት።
ሐሙስ፣ ጎረቤቴ አበጋዝ፦ «ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ፣
ሥሩን ነው የሚነቅለው፣ ካልነቀለው እኔን ቅጣ!»
ጠጣሁ፤ መዘገብኩም፦
ሽፈራው፣ አንድ ብርጭቆ። ለውጥ የለም።

መለኪያዋ ወረቀት፣ አንዷ የቀን ዳቦ ናት፤
ጣቴን ልወጋ ስል፣ ቁጭ ብዬ ሳስብባት
ይመሻል አንዳንዴ።
በኪሴ ሁለት ከረሜላ፣ ለክፉ ቀን፣ እንደ ክታብ፤
ጠላቴን ጠቅልዬ ከደረቴ ማስጠጋት፣
ምን ይሉታል ይህን ሂሳብ?

የእህቴ ልጅ ሰርግ፣ ገራዶ፣ ዳሱ ውስጥ፣
«በሞቴ!» ሲሉኝ፣ «አፈር ስሆን!» ሲሉኝ፣ እንዴት ልቀመጥ
እንደ ተቆጣ ሰው፣ እጄን አጣጥፌ?
ብርዙ መጣ፤ ጠጣሁ። ደገምኩ። ሦስተኛውን አፌ
ሳይጠይቀኝ ወሰደው።
ሌሊት ቤቴ ገብቼ፣ ደብተሬን ከፍቼ፣
ጣቴን ሳልወጋ፣ ጦይባን ሰረቅ አድርጌ አይቼ፣
«ሽሮ። ግማሽ እንጀራ። መቶ ሃምሳ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ያልዋሸውን እስክሪብቶ
በአንዲት መስመር አረከስኩ።

ቀጠሮ፤ ደሴ ሆስፒታል። ሐረጎን ስንወጣ፣
መንገዱ እንደ ቁጥሬ ሲጠመዘዝ፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሆዴ ወደ ላይ ሲመጣ፣
ጦይባ ከጎኔ ዝም።
ሲስተር እማዋይሽ ደብተሬን ገልጣ፣ ገልጣ፦ «ጋሽ ኑርዬ፣
ጽሕፈትዎ ያምራል። የሦስት ወሩ ደምዎ ግን ሌላ ይላል፤
የቱን ልመን፣ ይንገሩኝ፣ አባትዬ?»

አንገቴን ደፋሁ።
ጦይባ ፊደል አትለይም። ከጉያዋ ረጅም ክር
አወጣች፤ ነጭ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ፣ እንደ ጉንዳን ድርድር።
«ለሽንት በተነሳ ቁጥር አንድ እቋጥራለሁ፣ ልጄ።
ይቺ የሰርጉ ሌሊት፤ ሰባት ናት፣ ቁጠሪያት ከእጄ።
ይህ ድርቡ፣ ወፍራሙ፣
በላብ ተነክሮ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ስሜን የረሳበት፣
ስኳር በውሃ በጥብጬ
እንደ ሕፃን አባብዬ በማንኪያ ያጠጣሁበት።»

ያ ሌሊት በደብተሬ የለም። እኔም አላስታውሰው።
ክሩን ግን አወቅሁት፦ ከጋቢዬ ዘርፍ ነው።
ለካ የሳሳው በእጥበት አልነበረም።

ደግሞ ሐሙስ። ባዶ ሆድ። መቶ ሠላሳ ስምንት።
የገብስ ቂጣ፣ ጎመን። ብርዝ የለም፤ የእውነት።
ሌሊት ተነስቼ ስመለስ፣ በጨለማው
የተኛች መስላ፣ ከጋቢው ሥር፣
ሁለት ጣቷ ሲንቀሳቀስ ታየኝ።
ዝም አልኩ።
ጠዋት በቀኙ ረድፍ እንዲህ ስል አሰፈርኩ፦
ሌሊት፣ አንድ ጊዜ።
ምንጭ፣ የጦይባ ክር።